የማያረጀውና የሚጠረጠረው፦ በጊት ውስጥ ያሉ ሁለት ካሾች

የካሽ ዋና ፈተና ብዙውን ጊዜ የቦታ ጥበት ተደርጎ ይቀርባል። ከዚያ የሚከብደው ግን ቀድሞ የተቀመጠው ቅጂ አሁንም ከምንጩ ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት ለዚህ ጥያቄ ሁለት ተቃራኒ መልሶችን በአንድ ማውጫ ሥር ይዟል። ይህ ሆኖ ሳለ ለተማሪዎች የትእዛዛት ዝርዝር ብቻ ሆኖ መሰጠቱ ያስቆጫል።

በኦብጀክት ማከማቻው ውስጥ እያንዳንዱ ኦብጀክት ስሙን የሚያገኘው ከራሱ ይዘት ከሚሰላ ሀሽ ነው። ይዘቱ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣልና በዚህ ስም ወደ ካሽ የገባ ቅጂ ሊያረጅ አይችልም፤ የሚወጣው ቦታ ሲጠብ ነው። ስለዚህ የሚቀረው የፍጥነት ጉዳይ ነው። በፓክ ፋይል ውስጥ ብዙ ኦብጀክቶች የሚቀመጡት ሙሉ ሆነው ሳይሆን ከሌላ ኦብጀክት ያላቸው ልዩነት ብቻ ተመዝግቦ ነው፤ የልዩነቱ ሰንሰለት በነባሪ ቅንብር እስከ 50 እርከን ይዘልቃል። ጫፉን ለማንበብ ከሥሩ ጀምሮ መገንባት ግድ ይላል። ይኸው ድካም በየጊዜው እንዳይደገም ጊት የተገነቡትን መነሻዎች በማህደረ ትውስታ ያቆያል፤ ነባሪው ጣሪያ ለእያንዳንዱ ትሬድ 96 ሜጋባይት ነው። የብዙ ዓመታት የኮድ ታሪክ የሚመረምር ሰው ዝግመቱን በዲስኩ ከማሳበቡ በፊት ይህን ቁጥር ከፍ አድርጎ ቢለካ ይበጀዋል።

ለሁሉም ፋይል ሀሽ ማስላት ውድ ነው የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ኢንዴክስ የተባለው ፋይል (በመጀመሪያ መጠሪያውም ካሽ ነበር) የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። የእያንዳንዱን ፋይል መጠንና የመጨረሻ ለውጥ ጊዜ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ሁለቱ እስካልተለወጡ ድረስ ይዘቱ እንደገና አይነበብም። እዚህ ላይ ግን ማስረጃው ይዘት ሳይሆን ምልክት ነው። ኢንዴክሱ በተጻፈበት ቅጽበት ፋይሉ መጠኑን ሳይቀይር ቢታረም፣ ሰዓቱ ብቻውን ለውጡን አያሳይም። ጊት ይህን አደጋ ያውቃል፤ የፋይሉ የለውጥ ጊዜ ከኢንዴክሱ ጊዜ የማይቀድም ከሆነ ምልክቱን ሳያምን ይዘቱን ራሱን ያነብባል።

ይህ ጥርጣሬ በቤተ ሙከራ ሊሠራ የሚችል ነው። ጊዜን በሙሉ ሰከንድ ብቻ በሚመዘግብ የፋይል ሥርዓት ላይ ተማሪው አንድ ፊደል በሌላ ተክቶ፣ ጊት ለውጡን በምን እንዳወቀ እንዲያስረዳ መጠየቅ ይበቃል።