ስድብና ስብከት በገረሴ ደጋ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተራራውን የሚወጣ መንገደኛ የቆላውን ሙቀት ከኋላው ጥሎ፣ እንሰቱንና ገብሱን እያየ፣ ቀስ በቀስ ወደ ደጋው ይገባል። ገረሴም በዚሁ ደጋ ያለች፣ ለብዙ ዘመን የቦንኬ ወረዳ ዋና ከተማ ሆና የኖረች አነስተኛ ከተማ ናት። እኔ በዚያ የተገኘሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን መኪና ስጠብቅ በአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ የሰማሁት ንግግር ከሄድኩበት ጉዳይ ይልቅ በልቡናዬ ስለ ቀረ፣ ለዛሬው እሑድ ጽሑፌ መነሻ አድርጌዋለሁ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ከገበያው ጥግ አንድ ወጣት ሰባኪ በድምፅ ማጉያ ያስተምራል። ትምህርቱ ስለ ፍቅርና ስለ ንስሐ በነበረ ጊዜ ሰው ሁሉ አንዳንዱ እየሰማ አንዳንዱም እየተገበያየ በሰላም ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ወደ ጥንቱ የአገሩ ልማድ ዞረና፣ በዛፍ ሥር ተሰብስቦ መለመን፣ ለአባቶች መንፈስ ማረድ፣ ይህ ሁሉ የሰይጣን ግብር ነው እያለ ይዘረዝር ጀመር። ከአጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ፊታቸው ተለወጠ። አብሯቸው የነበረው የእኅታቸው ልጅ መምህር ነው፤ እርሱም ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ፣ «አጎቴ፣ አይቀየሙ። የሚሰድበው ልማዱን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም» አላቸው።

«ልጄ፣ ያለ ልማዱ እኔ ማን ነኝ?» አሉት። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩም በኋላ፣ «ደግሞ አይናገር አላልኩም። ያንን ነገር ለእኔም ይስጠኝና ልመልስለት» ብለው በእጃቸው ወደ ድምፅ ማጉያው አመለከቱ።

አንባቢ ሆይ፤ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ብዙ ያልቆየሁ ሰው ነኝ። ተማሪዎች ሳለን ስለ ንግግር ነጻነት በተከራከርን ቁጥር ምሳሌያችን ሁሉ ከውጭ አገር የተቀዳ ነበር። አንዱ በ2005 እ.ኤ.አ. በአንድ የዴንማርክ ጋዜጣ ስለ ወጡት የነቢዩ መሐመድ ሥዕሎች ያነሣል፤ ሌላው በጥር 2015 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በሻርሊ ኤብዶ ጋዜጣ ላይ በተጣለው አደጋ ስለ ሞቱት 12 ሰዎች ይናገራል። በዚያ ክርክር ውስጥ ተሳዳቢውም ተሰዳቢውም ጩኸቱ ዓለምን የሚያዳርስ ወገን ነበር። የገረሴው ሽማግሌ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሳቸው የጠየቁት ሌላው ዝም እንዲል ሳይሆን ራሳቸውም እንዲሰሙ ነው። እንግዲህ የእርሳቸውን ጥያቄ የሚመልስ ሕግ አለን ወይ?

ወደ ሕጉ ከመግባታችን አስቀድሞ ስለ አገሩ ወግ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በጋሞ ደጋ የተከለከለውን መተላለፍ ጎሜ ይባላል። ወሰን የገፋ፣ ወላጁን ያዋረደ፣ የማይነካውን ዛፍ የቆረጠ ሰው ጎሜ ውስጥ ይገባል፤ ጎሜውም በበሽታ፣ በዝናብ መጥፋት፣ በልጅ ማጣት ይገለጣል ተብሎ ይታመናል። መፍትሔው በደልን በግልጥ ተናግሮ ከተበደለው ጋር መታረቅ ነው። ይህም የአገር ጉዳይ ሲሆን የሚታየው በዱቡሻ፣ ማለት ሰው ሁሉ ተቀምጦ በሚመክርበት ሜዳ ላይ ነው። በዱቡሻ ተራ በተራ ይነገራል፤ ሐሳብ እስኪገናኝም ድረስ ይቆያል። ስለዚህ ሽማግሌው «እኔም ልናገር» ሲሉ ያሳደጋቸውን ሥርዓት መናገራቸው ነበር።

ይሁን እንጂ ዱቡሻውን እንደ ገነት አድርጎ መሣል ውሸት ይሆናል። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው በዚያ ሜዳ እንደ ሙሉ የአገር ሰው ተቆጥሮ የመናገር መብት አልነበረውም። ሴቶችም እንደዚሁ ወደ ዳር ተገፍተው ኖረዋል። አዲሱ ስብከት በእነዚህ ዘንድ ጆሮ ካገኘባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ ሰባኪው የጥንቱን ልማድ ሲነቅፍ የሚናገረው ሁሉ ከንቱ ስድብ ነው ለማለት አይቻልም። የሚያስቀይም ንግግር አንዳንድ ጊዜ እውነት ያዘለ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነጻነት፣ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽን ነጻነት ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 492 የተፈቀደን የሃይማኖት ሥርዓት በአደባባይ የሚያውከውን ወይም የሚሳለቅበትን፣ የአምልኮ ሥፍራንና ንዋየ ቅድሳትን የሚያረክሰውን ይቀጣል። በአንቀጽ 816 ደግሞ በአደባባይ በሃይማኖት ላይ ማፌዝንና የሰውን እምነት ወይም ስሜት በእጅጉ የሚጎዳ ንግግርን እንደ ደንብ መተላለፍ ይቈጥረዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን ይከለክላል፤ የሃይማኖት አስተምህሮን ግን ከክልከላው ውጭ አድርጎታል።

የገረሴውን ነገር በእነዚህ ብንመዝነው ሰባኪው «አስተምህሮ ነው» ብሎ በሰላም ይወጣል። ሽማግሌው ደግሞ «የተፈቀደ ሥርዓት» በሚለው ቃል ይሰናከላሉ፤ የእርሳቸው እምነት ጽሕፈት ቤት የለው፣ ማኅተም የለው፣ ደብዳቤ ጽፎ የሚከስ ጸሐፊ የለው። የሚቀረው አንቀጽ 816 ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን ተግባር ላይ የሚውለው አንድ ሹም ወይም አንድ ዳኛ «ይህ ቃል በእጅጉ ይጎዳል፤ ይህኛው ግን አይጎዳም» ብሎ ሲወስን ነው። ሹሙም ሰው ነው፤ እሑድ እሑድ የሚሄድበት ቦታ አለው። የማን ቅያሜ ትልቅ መስሎ እንደሚታየው መገመት አያስቸግርም።

በአገራችን የመቀየም መብት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነገር ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በዐፄ ዮሐንስ ፊት ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ልደት ተከራክረው፣ የተረታው ወገን ትምህርት እንዳይነገር ተከለከለ። ወደ ደቡቡ ስንመጣ፣ በ1920 ዓ.ም. ገደማ የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ወላይታና ወደ ሲዳማ አገር ገቡ። ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ካስወጣ በኋላ የአገሩ ተወላጆች ራሳቸው እየዞሩ ይሰብኩ ጀመር፤ ከወላይታ የተነሡት ወንጌላውያን ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ ደጋ በእግራቸው ወጡ። በየቦታውም «የአባቶችን ሃይማኖት ትሰድባላችሁ» እየተባሉ የታሰሩና የተገረፉ ብዙ ናቸው።

መንግሥትም በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ባወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን «ዝግ» እና «ክፍት» ብሎ ከፈለው። በዝጉ አገር ኦርቶዶክሳዊው ሕዝብ ስለሚበዛ ሚሲዮን አይሰብክም፤ በክፍቱ ግን ይሰብካል። አንባቢ ልብ ይበል፤ የክፍቱ አገር ሕዝብም የራሱ እምነት ነበረው፤ ነገር ግን እርሱ ይቀየም እንደ ሆነ የጠየቀው አልነበረም። የደርግ ዘመን ሲመጣ ሁሉም በአንድ ላይ ተመታ። በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ፤ በደቡብም ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች ተዘጉ።

ዛሬስ? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በያኔው ጋሞ ጎፋ ዞን ከነዋሪው ከግማሽ የሚበልጠው ፕሮቴስታንት ነው ተብሎ ተመዘገበ። ትናንት በመናገሩ ይገረፍ የነበረው ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ ድምፅ ማጉያ ይዟል። ለዚህ አልቀናበትም፤ በላቡ ያገኘው ነጻነት ነው። ነገር ግን አያቱን ያሳሰረው ያ «የሕዝብን ስሜት የሚጎዳ» የሚለው ቃል ዛሬም በሕጋችን ውስጥ አለ፤ ነገ በማን ላይ እንደሚነሣ የሚያውቅ የለም። በበኩሌ አንቀጽ 816 ቢቀር የሚጎዳ ሰው አይታየኝም።

ምንም ይባል ዝም እንበል ማለቴ ግን አይደለም። «ፋየር ኤንድ አይስ» የሚባል በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ዘጋቢ ፊልም አለ፤ ግማሹ ስለ ጋሞ ደጋ ነው። በዚያ ፊልም ሽማግሌዎች የተቀደሱ ዛፎችንና ሜዳዎችን ሊጠብቁ ሲደክሙ ይታያል፤ በአንድ የተቀደሰ ሜዳም ምክንያት ከወንጌላውያን አማኞች ጋር የነበረው ውጥረት ወደ ሁከት ሲለወጥ ይታያል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። «ይህ ሜዳ ቅዱስ አይደለም» ማለት ንግግር ነው። ሜዳውን መያዝ፣ ዛፉን መቁረጥ፣ ተሰብስቦ የሚጸልየውን መበተን ግን ንግግር አይደለም፤ እጅ ነው። አንቀጽ 492 ስለ ማወክና ስለ ማርከስ የሚናገረው ክፍል ሊሠራ የሚገባው በዚህ ላይ ነው፤ የተመዘገበ ማኅበር ላለውም ለሌለውም እኩል ሆኖ።

«ቃልስ እጅን አያነሣምን?» የሚለኝ አይጠፋም። ያነሣል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ በሚል ወሬ መስጊዶችና የንግድ ቤቶች ነደዱ። እንዲህ ያለውን፣ «ሂዱና አቃጥሉ» የሚለውን፣ ሆን ብሎ በሐሰት ሕዝብ የሚያስነሣውን ሕግ ቢይዘው አልከራከርም። ነገር ግን ቅያሜን በራሱ ወንጀል ያደረጉ አገሮች ከሁከት ዳኑ ወይ ብለን እንጠይቅ። በፓኪስታን ነቢዩን መስደብ በሞት ያስቀጣል። በ2010 እ.ኤ.አ. አንዲት ክርስቲያን ሴት በዚሁ ተከሳ ሞት ተፈረደባት፤ የፑንጃብ ገዢ ሰልማን ታሲር ለእርስዋ ስለ ተከራከረና ሕጉን ስለ ነቀፈ በጥር 2011 እ.ኤ.አ. የራሱ ጠባቂ ተኩሶ ገደለው። ሴቲቱ በ2018 እ.ኤ.አ. በነጻ ተለቀቀች፤ ገዢው ግን አልተነሣም። ሕጉ «የተቀየመ ሰው ተበድሏል» ካለ፣ ፍርድ ቤቱ ሲዘገይ የሚፈርድለት ሌላ እጅ አይጠፋም።

ወደ አገራችን ልመለስና አንድ ነገር ላስታውስ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ በአርባ ምንጭ ቁጣ ተቀሰቀሰ፤ ወጣቶችም የኦሮሞ ተወላጆች ንብረት ወደሚባለው ሥፍራ አመሩ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከመንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ሽማግሌ ረግጠው አላለፉም። በዚያ ሰልፍ የነበሩት የየሃይማኖቱ ልጆች ነበሩ፤ ያንን ሣር ግን የሚያውቁት ከጥንቱ ወግ ነው። በገበያ «የሰይጣን ግብር» ከሚባለው ጎን ለጎን የኖረ ወግ ነው። ይህን የምጽፈው ሰባኪው ዝም እንዲል አይደለም። ሲመልሱለት ደግሞ መስማት እንዳለበት ነው።

እንግዲህ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ለተቀመጠው፣ ምናልባትም ከእኔ ጋር ለተመረቀው ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የምለው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ አቤቱታ ከጠረጴዛህ ሲደርስ የሰይጣንን ነገር ለመመርመር አትቀመጥ፤ የተሾምክበት አይደለም። የተነካ ሰው አለ ወይ? የተቆረጠ ነገር አለ ወይ? የተከለከለ መንገድ አለ ወይ? ብለህ ጠይቅ። ገበያውና አደባባዩ ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው ተከልክሎ እንደ ሆነ መዝገብህን አገላብጥ። የድምፅ ማጉያውም ነገር ቢሆን በልክ የሚታይ ነው፤ የአገራችን መመዘኛ በመኖሪያ ሰፈር ለቀን 55፣ ለሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። ይህ ቁጥር ለጸሎት ቤቱም፣ ለቤተ ክርስቲያኑም፣ ለመስጊዱም፣ ለጭፈራ ቤቱም አንድ ነው፤ ማን ምን አለ ብሎም አይጠይቅም።

መኪናው መጥቶ ስነሣ ሰባኪው ገና አልጨረሰም ነበር። ሽማግሌው ፊታቸው ተፈትቶ፣ የእኅታቸውን ልጅ ያ ዕቃ አርባ ምንጭ በስንት ብር እንደሚሸጥ ሲጠይቁት ሰማሁ። መምህሩም እየሳቀ ባትሪውም ለብቻው እንደሚገዛ ይነግራቸው ነበር።