የተበሳው አፍንጫና የእኛ በር

ባለፈው እሑድ ዊንጌት በምናገለግልባት ቤተ ክርስቲያን አንዲት ወጣት አፍንጫዋን ስለ ተበሳች ከበር ተመለሰች። የመለስናት እኛ ነን።

በአሜሪካ ሰውነት የሚበሱ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተ ማኅበር አላቸው። በየዓመቱ ላስ ቬጋስ ላይ ኮንፈረንስ ያደርጋሉ። የሚማሩትም መርፌው ከጀርም እንዴት እንደሚጸዳ፣ ሰውነት የሚቀበለው ብረት የትኛው እንደ ሆነ፣ የተበሳው ቦታ ሳያመረቅዝ እንዴት እንደሚድን ነው። እኛም ኮንፈረንስ እንወዳለን። ታዲያ በአንደበታችን የወጋነው ሰው እንዴት እንደሚድን የተማርነው በየትኛው ኮንፈረንሳችን ነው?

«ዓለማዊነት ነው» እንላለን። የእናቶቻችን ጆሮ ተበስቶ ሎቲ ሲንጠለጠልበት ማን ገሠጸ? የአብርሃም ሎሌ በርብቃ አፍንጫ ቀለበት ማድረጉን በዘፍጥረት 24 እያነበብን፣ ዛሬ ኃጢአት ያደረግነው በምን ሥልጣን ነው? እርግጥ በዘጸአት 32 የጆሮ ጉትቻ ቀልጦ ጥጃ ሆኗል። ጥጃውን የወለደው ግን ጣዖት የፈለገ ልብ እንጂ የጆሮ ቀዳዳ አይደለም። ያ ልብ ደግሞ በከረባትም ሥር ይኖራል።

የምንሰብከው ጌታ ስለ እኛ የተወጋ ነው። ስለዚህ አስቀድመን እኛ ንስሐ እንግባ፤ ያቺን እህታችንን ፈልገንም ይቅርታ እንጠይቃት። ጌታ ይርዳን።