ባትሪውን ማን ይጠብቀው?



ይህን አስተያየት ለግድግዳ ጋዜጣችን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በልምምድ ማስተማር ወቅት ያየሁት ነገር ነው። የተመደብኩት በመንዝ ደጋ ላይ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነበር። የኤሌክትሪክ መስመር ገና አልደረሰበትም። ነገር ግን ጣራው ላይ ሶላር አለ፤ በዕቃ ቤቱ ጥግም አንድ ትልቅ ባትሪ ተቀምጧል። «እንግዲያው ለስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች የማታ ማጥኛ መብራት አለ ማለት ነው» ብዬ ደስ አለኝ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ግን ሳቁብኝ። «ኧረ መምህር! ይኼ ከሞተ እኮ ሁለት ክረምት አለፈው» አሉኝ።

እንዴት እንደ ሞተ ስጠይቅ ታሪኩ አጭር ሆኖ አገኘሁት። ባትሪው ሲደክም መብራቱን የምታጠፋ አንዲት ትንሽ ሣጥን ነበረች፤ ቻርጅ ኮንትሮለር ትባላለች። «እያጠፋች አስቸገረችን» ተባለና ሽቦው ከእሷ ተነቅሎ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ታሰረ። ከዚያ ወዲያ መብራቱ እስከ እኩለ ሌሊት በራ፤ የመንደሩም ሞባይል ሁሉ ተሞላ። የባትሪው ውሃ ሲጎድል ከምንጭ ተቀድቶ ተጨመረበት። ጥቂት ወራት እንደ ቆየ ባትሪው ዝም አለ። ተፈታኞቹም ወደ ኩራዛቸው ተመለሱ።

በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ጥፋተኛው ሽቦውን የነቀለው ሰው አይደለም። እሱ የፈለገው ልጆቹ እንዲያጠኑ ነው። ጥፋቱ ያቺ ሣጥን ለምን እንደምታጠፋ የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። ማን ሊነግረው ይገባ ነበር? መምህሩ! መምህሩስ ከየት ይማረው? ከዚሁ ከማሠልጠኛችን! ስለዚህ ወቀሳው ዞሮ ዞሮ እኛው ላይ ያርፋል። የኦምን ሕግ ለፈተና በቃል እንወጣዋለን፤ አንድ ባትሪ ፊት ስንቆም ግን የትኛው ጫፍ ፖዘቲቭ እንደ ሆነ እንጠራጠራለን።

ነገሩ እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። የሚሞላ ባትሪ እንደ ጎተራ ነው፤ ያላስገቡበትን አይሰጥም። የመንዝ ገበሬ ክረምቱ ቢከፋበትም ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ እንዳይነካ ይጠነቀቃል። የእርሳስና አሲድ ባትሪም እንዲሁ «ዘር» አለው፤ ግማሹ ሳይነካ ቢቀር ዕድሜው ይረዝማል። ባለ 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ልንጠቀምበት የሚገባን ግን 600 ያህሉን ነው። አምስት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለአራት ሰዓት ቢበሩ 100 ዋት ሰዓት ብቻ ይበላሉ። 250 ዋት የሚጎትት ፕሮጀክተር ግን ያንኑ 600 ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ይህን ስሌት የሚያውቅ መምህር ምን ማብራት ምን መተው እንዳለበት አስቀድሞ ይወስናል።

ባትሪው አርፎ ሳለ በቴስተር ሲለካ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ወደ ግማሽ ወርዷል፤ ወደ 11.8 ከወረደ ባዶ ነው። ባዶውን በሰነበተ ቁጥር በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት እየጠጠረ ይሄዳል፤ ከጠጠረ በኋላ ቢሞሉትም አይመለስም። ያቺ የተነቀለችው ሣጥን ከዚህ ነበር የምትጠብቀው። ሰዎቹ ሳያውቁ የጎተራውን ዘበኛ አባረሩ።

ቻርጀርም ቢሆን ኃይል የሚያፈስ ቧንቧ ብቻ አይደለም። ጥሩ ቻርጀር ባለ 12 ቮልቱን ባትሪ እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ይሞላና ወደ 13.6 ወርዶ ይጠብቀዋል። ያለ ልክ ከሞላ ውሃው ይተናል፤ ሃይድሮጅን ጋዝም ይወጣል። ስለዚህ ባትሪ በሚሞላበት ክፍል ኩራዝ መለኮስም ሆነ ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው። መስኮት ይከፈት። ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የምንጭ ውሃ ለሰው ጤና ቢሆንም በውስጡ ያለው ማዕድን ለባትሪ መርዝ ነው። አሲዱ ቆዳ ላይ ቢፈስ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው።

ፓወር ሰፕላይ የሚባለውም ምሥጢር የለውም። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኃይል ነው። በተለመደው ዓይነት ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ዝቅ ያደርገዋል፤ ዳዮዶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ያደርጉታል፤ ካፓሲተሩ ያለሰልሰዋል፤ ሬጉሌተሩ ልኩን ይይዝለታል። ለሬድዮ አዳፕተር ስንገዛ ቮልቱ ከሬድዮው ጋር እኩል ይሁን፤ አምፔሩ ከሚፈለገው ቢበልጥ አይጎዳም፤ ቢያንስ ነው የሚያስቸግረው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩም አይገለባበጥ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ሬድዮ ደግሞ ተራውን ድንጋይ በቻርጀር ለመሙላት መሞከር አደጋ ነው፤ ሊፈስ፣ ሊፈነዳም ይችላል።

አገራችን ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከአቅሙ አራት አምስተኛ ያህሉን ብቻ ይሰጣል። አሁን የመጡት የሊትየም ባትሪዎችም ከዜሮ ዲግሪ በታች ባለ ብርድ ሊሞሉ አይገባም። ወደ መርሐቤቴ ቆላ ስንወርድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙቀት አቅም አያሳንስም፣ ዕድሜ ግን ያሳጥራል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይባላል። ስለዚህ በመንዝ ባትሪውን ከቀዝቃዛ መሬት አንሥቶ ሣንቃ ላይ፣ በመርሐቤቴ ደግሞ ጥላና ነፋስ ባለበት ማስቀመጥ ነው። ያለ ወጪ የሚሠራ ሥራ!

አንዳንድ ጓደኞቼ «ጄኔሬተር ቢገዛ ይሻላል» ይላሉ። ጄኔሬተር በቦታው ጥሩ ነው። ነገር ግን በ3,000 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ተራው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያም በላይ ያጣል፤ ነዳጁም በየጊዜው ገንዘብና ጭነት ይጠይቃል። ሌሎች ደግሞ «5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ መስመሩ ሲደርስ የባትሪ ነገር ያበቃል» ይላሉ። እኔም መስመሩ እንዲደርስ እመኛለሁ። ግን መስመር በደረሰባቸው ከተሞችስ መብራት አይጠፋም? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ፈተና ላይ ሳለ መብራት የሚጠፋበት ልጅ ተጠባባቂ ባትሪ ያስፈልገዋል። ኮምፒዩተር ሥር የሚቀመጠው ትንሹ ዩፒኤስ እንኳ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ እንጂ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እንደማይሰጥ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። መስመር ሲመጣ የባትሪ ዕውቀት ይበልጥ ይፈለጋል እንጂ አያበቃም።

ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻንም። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በምትገኘው በሬማ መንደር በ1999 ዓ.ም. ገደማ አንድ የጀርመን የሶላር ፋውንዴሽን ከአንድ ሺህ በላይ ለሆኑ ቤቶች የፀሐይ መብራት አስገብቶ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ የሰሌዳው ብዛት አይደለም። ከመብራቱ ጋር በዚያው መንደር የሶላር ቴክኒሺያኖች ማሠልጠኛ መከፈቱና ተጠቃሚውም ለጥገና በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እንዲያዋጣ መደረጉ ነው። ዕቃው ከውጭ መጣ፤ ጠባቂው ግን ከአገሬው ወጣ። በእኛ ትምህርት ቤቶች የጎደለው ይህ ሁለተኛው ነው።

«እኛ መምህራን እንጂ ኤሌክትሪሻን አይደለንም» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። 220 ቮልቱን የሚነካ ሥራ ለባለሙያ ይተው። ግን ባትሪ መለካት፣ ጫፉን መወልወል፣ ውሃውን ማየት ቀላል ጥንቃቄ እንጂ የባለሙያ ሥራ አይደለም። ባለሙያው እስከ ጊሼ ጫፍ እስኪደርስ ባትሪው አይጠብቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በሳይንስ ላቦራቶሪያችን ካሉት አሮጌ ባትሪዎች አንዱ ለልምምድ ይለይና እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከመመረቁ በፊት በገዛ እጁ ለክቶ፣ ሞልቶ፣ ውጤቱን ጽፎ ያስረክብ።

ሁለተኛ፤ የተመደበበት ትምህርት ቤት ባትሪ ያለው ሁሉ አንድ ደብተር ይክፈት፤ ቀን፣ ቮልትና ውሃው የታየበት ጊዜ በየሳምንቱ ይመዝገብበት። ኃላፊው አንድ ሰው ይሁን፤ የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይሆንምና።

ሦስተኛ፤ ባትሪ አላቂ ዕቃ መሆኑ ታውቆ ለመተኪያው በየዓመቱ ጥቂት ብር ይቀመጥ። የሞተውም ባትሪ ልጆች እንዳይሰብሩት ለሚሰበስበው ሰው ይመለስ፤ እርሳሱ መርዝ ነውና።

አሠልጣኞቻችን ስለዚህ ነገር ምን እንደሚሉ በሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን ደስ ይለናል። እኔ ግን ከልምምድ ከመመለሴ በፊት አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የጠየቀችኝን መርሳት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ እርስዎ ተመርቀው ሲመጡ ይኼን ያበሩልናል?» አለችኝ። የሞተውን ማስነሣት አልችልም። የሚቀጥለው እንዳይሞት ግን ልማር እችላለሁ። እናንተስ?

ከአንድ የሳይንስ ሠልጣኝ