ፊሽካ የማይነፋበት ውድድር

እግር ኳስ የሚወድ ሰው ዳኛ መርገምም ይወዳል። ቡድኑ ሲሸነፍ ጥፋተኛው የመስመር ዳኛው ነው፤ ሲያሸንፍ ደግሞ ዳኛው እያለም አሸነፈ ይባላል። ቪኤአር ከመጣ ወዲህ እርግማኑ ከሜዳ ወደ ስክሪን ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም። እኔም የዚህ ማኅበር አባል ስለሆንኩ፣ የሸራ ጀልባ እሽቅድድምን በቅርብ ሳይ ግራ ያጋባኝ የሚረገም ሰው መታጣቱ ነበር።

አናፖሊስ ሜሪላንድ ውስጥ ያለች የወደብ ከተማ ናት። መንገዱ ካልተጨናነቀ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደረስባታል። ብዙዎቻችን የሄድነው የኩንታ ኪንቴን መታሰቢያ ለእንግዳ ለማሳየት ነው፤ ሸርጣን የሚበላ ካለ ደግሞ ለሸርጣኑ። በሙቀቱ ወራት ግን ረቡዕ ረቡዕ ማምሻውን የከተማዋ የጀልባ ክለብ ውድድር ያካሂዳል። ቀኑን ቢሮ የዋለው ሁሉ ከረባቱን ፈትቶ ጀልባ ላይ ይወጣል። ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በኩል ዞረው ሲመለሱ፣ የመጨረሻው መስመር ስፓ ክሪክ በምትባለው ጠባብ የውኃ መግቢያ ውስጥ፣ ክለቡ ደጃፍ ላይ ስለሆነ፣ ድልድዩ ላይ የቆመ መንገደኛም በነጻ ያያል።

እኔን የጋበዘኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። “ክብደት ያስፈልገናል” አለኝ፤ ማግባቢያው ይኸው ነበር። ነፋስ ሲበረታ ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ታዘነብላለች፤ ያኔ ከፍ ባለው ጠርዝ ላይ ተደርድሮ፣ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ ሚዛን የሚጠብቅ ሰው ይፈለጋል። ሙያ አይጠይቅም። ለማየት ደግሞ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

ያየሁትም ይኼ ነው። ሕጉ ለጀማሪም አይከብድም፦ ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋሱን በቀኝ ጎኗ የምትቀበለው ቅድሚያ አላት፣ በግራዋ የምትቀበለው ትለቅላታለች። እኛ በግራ ነበርን። ከወዲያ “ስታርቦርድ!” የሚል ጩኸት መጣ፤ ቅድሚያው የእኔ ነው ማለት ነው። ባልደረባዬ አይኑን አጥብቦ ርቀቱን ለካና በፊቷ እናልፋለን ብሎ ቆረጠ። አለፍን። ግን ያቺኛዋ እንዳትገጨን መሪዋን መጠምዘዝ ነበረባት፤ የመሪ ያዡ የእጅ ሰዓት እስኪታየኝ ድረስ ተቀራርበን ነበር። ወዲያው “ፕሮቴስት!” አለ፤ ከኋላው ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። የአወዳዳሪዎቹ ጀልባ ሩቅ ናት፤ ሌላ ያየም የለም። ባልደረባዬ “ልክ ነው” ብሎ ከሌሎቹ ገለል አለና ጀልባዋን ሁለት ጊዜ ሙሉ ክብ አዞራት። ቅጣቱ ይኼው ነው። ሸራው እየተንፈራገጠ፣ እኛ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተሯሯጥን ስንሽከረከር፣ ለፍተን ያለፍናቸው ሁሉ አንድ በአንድ አለፉን። ከፊት ሸራውን የምትጠብቀው ልጅ ስትራገም ሰማኋት፤ የምትራገመው ግን ከሳሹን ሳይሆን የራሷን አለቃ ነበር።

ወርልድ ሴይሊንግ የተባለው የዓለም ማኅበር በየ4 ዓመቱ እያደሰ የሚያወጣው የሕግ መጽሐፍ አለ። ከመጀመሪያው አንቀጽ በፊት አጭር መግቢያ ተቀምጦበታል። ነገሩ ሲጠቃለል፦ ተወዳዳሪዎች ሕጉን ይከተላሉ፣ ያስከብራሉም፤ ሕግ የጣሰ ሳይውል ሳያድር ራሱን ይቀጣል፣ ካስፈለገም ውድድሩን ጥሎ ይወጣል። በትላልቅ ውድድሮች በሞተር ጀልባ የሚከተሉ ዳኞች አሉ። በክለብ ግን ተጫዋቹ ፖሊስም ነው፣ ከሳሽም ነው፣ ምስክርም ነው።

ስለ ስፖርታዊ ጨዋነት ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ዝምታን ይመስለኛል። ወዳጄ አጠፋብኝ፣ አየሁት፣ ግን ለአንድ ረቡዕ ብዬ ከሰው አልቀያየምም። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር እዚያም አለ፤ ፈረንጅም ይሉኝታ ያውቃል። ደግ ነገር ይመስላል። ግን በየክለቡ ጠባይ የሚያበላሸው ይኼ ነው። በውኃው ላይ ዝም ያለ ሰው መኪና ማቆሚያው ላይ ለሦስተኛ ሰው ያወራል፤ የተወራበት ሰው ደግሞ መልስ የሚሰጥበት ቦታ የለውም።

ክስ ጠብ እንዳልሆነ እኛ ድሮ እናውቀው ነበር። አንዱ “በሕግ አምላክ!” ካለ የሌላው እጅ ባለበት ይቆማል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ አንድ መንገድ አብረው ሄደው ዳኛ ፊት ይቆማሉ። የጀልባ ሰዎች “ፕሮቴስት” ለእኔ ከዚህ የሚለይ አይደለም። የጮኸ ሰው ከውድድሩ በኋላ ወረቀት ይሞላል። ማታ ክለቡ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ ጠረጴዛው ላይ የልጅ መጫወቻ የሚያካክሉ ጀልባዎች አሉ። ከሳሽ እኔ እዚህ ነበርኩ፣ እሱ በዚህ መጣ እያለ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ተከሳሽ ደግሞ አይደለም ብሎ በጣቱ ይገፋቸዋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ተቀምጦ ይሰማል፣ ይጠይቃል። ሕግ ጥሷል የተባለው ከውጤቱ ይሰረዛል። ትልልቅ ሰዎች ያቺን መጫወቻ በሁለት ጣት ይዘው ሲከራከሩ ማየት ያስቃል፤ እነሱ ግን አይስቁም።

ለዚህ ነው የ2008ቱን የቤጂንግ ኦሎምፒክ ታሪክ ሰው ከሚተርክበት ወገን ማየት የማልወደው። ጀልባዎቹ የተወዳደሩት ቺንግዳዎ ላይ ነበር። ፎርቲናይነር በሚባለው ጀልባ ሲመሩ የነበሩት ዴንማርካውያኑ ዮናስ ዋረርና ማርቲን ኪርኬተርፕ ለመጨረሻው ውድድር ሲወጡ የሸራ ምሰሶአቸው ተሰበረ። ወደ ዳርቻ ተመልሰው የክሮኤሺያውያኑን ጀልባ ተቀበሉ፤ ፓቭሌ ኮስቶቭና ፔታር ጹፓች ለፍጻሜው ስላላለፉ ጀልባቸው ሥራ ፈትታ ነበር። ዴንማርኮቹ የክሮኤሺያ ባንዲራ ባለበት ሸራ፣ የመነሻው ጊዜ ሊዘጋ ሲል ደርሰው 7ኛ ወጡ፤ በድምሩም ወርቁን ወሰዱ። አበዳሪዎቹ ለስፖርታዊ ጨዋነት የሚሰጠውን የፒየር ደ ኩበርቲን ሜዳሊያ ተሸለሙ፤ ይገባቸዋል። የስፔንና የጣሊያን ወገን ግን ጀልባ መቀየር አይፈቀድም ብለው እስከ ስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ሄዱና ተረቱ። ሲተረክ እነሱ ክፉዎቹ ናቸው። ለምን? ጥያቄያቸው ሕጋዊ ነበር፤ በግልጽ ጠየቁ፣ በግልጽ ተመለሰላቸው። ያ ክርክር ባይሰማ ኖሮ፣ ወርቁ ላይ እስከ ዛሬ ሐሜት ተንጠልጥሎ በቀረ ነበር።

በ1988 የሴኡል ኦሎምፒክ ጊዜ ካናዳዊው ሎውረንስ ሌሚው የሠራው ደግሞ የታወቀ ነው። ፑሳን ባሕር ላይ በብርቱ ነፋስ 2ኛ ሆኖ ሲጓዝ፣ የሲንጋፖር ጀልባ ተገልብጣ አየ፤ መንገዱን ትቶ ሁለቱን ሰዎች ከውኃ አወጣ። ዳኞቹ ለዚያ ውድድር 2ኛነቱን መለሱለት፤ በድምሩ 11ኛ ወጣ፣ የኩበርቲን ሜዳሊያም ተሰጠው። እኔን የሚገርመኝ ከጀግንነቱ ይልቅ የሕጉ ብልሃት ነው። አንቀጽ 1 አደጋ ላይ ያለን ሰው እርዳ ብሎ ያዛል፤ ሌላ አንቀጽ ደግሞ ስትረዳ ያጣኸውን እናካክስልሃለን ይላል። ደግነትን ከሰው ልብ ብቻ አልጠበቁም።

ይኼን ሁሉ ስል የጀልባ ሰው መልአክ ነው ማለቴ አይደለም። የሀብታም ስፖርት ነው፣ ገንዘብ ያለበት ሁሉ ጣጣ አለበት። በ2013ቱ የአሜሪካ ዋንጫ የጀልባ ውድድር የባለጸጋው ላሪ ኤሊሰን ቡድን ኦራክል፣ ከዋናው ውድድር በፊት በተጠቀመባቸው ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ባልተፈቀደ መንገድ ክብደት ጨምሮ ተገኘና ከዋናው ውድድር 2 ነጥብ ተቀንሶበት ጀመረ። በኒውዚላንድ 8 ለ1 ሲመራ ቆይቶ 9 ለ8 አሸነፈ፤ ዋንጫውም እጁ ላይ ቀረ። በክለብ ደግሞ ትልቁ ንትርክ የሰዓት ማስተካከያው ነው። ፈጣኗና ዘገምተኛዋ ጀልባ አብረው እንዲወዳደሩ ለእያንዳንዷ ቁጥር ይሰጣታል፤ አንደኛ የገባ አንደኛ ላይሆን ይችላል። በተሰጠው ቁጥር አልተበደልኩም የሚል ባለጀልባ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ባልደረባዬ ያን ማታ ወደ ኋላ ቀርቶ ገባ። ቢራውን ይዞ ከሳሹ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የተነጋገሩት ስለ ይቅርታ አልነበረም፤ ርቀቱን ሁለቱም በየፊናቸው ስንት ሜትር እንደገመቱት ሲከራከሩ አመሹ፣ አልተስማሙምም። ቅጣቱን ግን ማንም አላነሳው፤ ተከፍሏል።

ለመሞከር የፈለገ ካለ ባለጀልባዎቹ ሁልጊዜ ሰው ይጎድላቸዋል፤ ረቡዕ ከሥራ በኋላ ወደ ወደቡ ወርዶ መጠየቅ ነው። ሶሉ የጀልባዋን ወለል የማያጠቁር ጫማ ያድርጉ፤ እሱ ላይ እንኳ ይሉኝታ የላቸውም፣ ያስወልቁዎታል። ክብደት ካለዎት ደግሞ በደስታ ይቀበሉዎታል።