«ካርጎ ነው የሚሠራው» ብለን አፋችንን አንያዝ



ባለፈው ሰንበት እዚህ ቂርያት ዔቅሮን ከጸሎት ስንወጣ አንድ የማከብራቸው አባት ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጥላው ወሰዱኝ። «መምህር፣ አንድ ነገር ላማክርህ» አሉኝ። ልጃቸው ከሠራዊት ከወጣ ጀምሮ ቤን ጉሪዮን በጭነት ክፍል ነው የሚሠራው። ሌሊት ሌሊት ዕቃ ይመዝናል፣ ወረቀት ያገናኛል፣ ይጭናል። አሁን አሠሪዎቹ አዲስ አበባ ወዳለው ቢሯቸው ሊልኩት አስበዋል።

«ሁለት ነገር ነው የከበደኝ» አሉኝ። «ሰው ስለ ልጄ ሲጠይቀኝ ‹አየር ማረፊያ ነው› እልና አፌን እይዛለሁ። ዕቃ ጫኝ ነው እንዴት ልበል? ሁለተኛው ደግሞ፣ እኛ በእግራችን ሱዳን ድረስ ተጉዘን፣ ወገን ቀብረን የመጣነው ልጆቻችን ወደ ወጣንበት እንዲመለሱ ነው እንዴ?»

ወዲያው መልስ አልሰጠኋቸውም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ይህ ጥያቄ የብዙዎቻችሁ እንደሆነ ገባኝ። ስለዚህ ዛሬ ለእሳቸውም ለእናንተም አንድ ላይ ልመልስ።

ለዘመድ ጥየቃ ወደ ጎንደር ስንሄድ የምንሳፈርበትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1945 ሲቋቋም (ዓመቶቹን በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጠራው) አስተዳዳሪዎቹ አሜሪካኖች ነበሩ። ኢትዮጵያዊ በላዩ የተሾመው በ1971 ነው፤ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ይባላሉ። ከእሳቸው በኋላ ከመጡት አንዱ አቶ ተወልደ ገብረማርያም ናቸው። የእኚህን ሰው ነገር ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት።

አቶ ተወልደ በ1985 ድርጅቱ ሲገቡ ወንበርና ጸሐፊ አልጠበቃቸውም። ሀ ብለው የጀመሩት በጭነት ክፍል ነው። አዎ፣ ካርጎ! ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወጡ። ሕንድ ላይ የአካባቢ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ፣ ሳዑዲ ዓረቢያም እንደዚሁ። ቀጥሎም ኒውዮርክ ተቀምጠው የአሜሪካውን ክፍል መሩ።

በሰው አገር የአካባቢ ሥራ አስኪያጅ መሆን ምን ማለት መሰላችሁ? የድርጅቱ ዓይንና አፍ መሆን ነው። ቲኬት ሻጮችን ይሰበስባል፣ ከዕቃ ላኪዎች ጋር በዋጋ ይከራከራል፣ የአገሩን የጉምሩክና የባንክ ሕግ ያጠናል። አውሮፕላኑ ባዶ ወንበርና ባዶ ሆድ ይዞ እንዳይነሣ ቀንም ሌሊትም ያስባል። ባህሉን ካላወቀ፣ ቋንቋ ካልሰማ፣ ማንም አያምነውም። የዛሬ ንግድ እንግዲህ ይህ ነው፤ የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ በበቅሎ ያደርገው የነበረውን ነው በአውሮፕላን የሚያደርገው።

በ2011 መጀመሪያ አቶ ተወልደ የጠቅላላው አየር መንገድ መሪ ሆኑ። በእሳቸው ዘመን የአውሮፕላኑ ቁጥር ከ30 ጥቂት ከፍ ካለው ተነሥቶ ከ100 በላይ ሆነ። ሁሉም ግን ፋሲካ አልነበረም። በ2019 ማርች አንዱ አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ አደጋው ቦታ ፍርስራሹ መሀል ቆመው የታዩት እሳቸው ናቸው። ሹመት ሐዘንም አለበት። በ2020 ኮሮና መጥቶ መንገደኛ ሲጠፋ ደግሞ፣ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር እያስነሡ የሕክምና ዕቃ አስጫኑባቸው። ብዙ አየር መንገዶች መንግሥታቸውን ሲማጸኑ ያኛው በጭነት ገቢ ቆመ። ጭነትን ከታች ጀምሮ የሚያውቅ ሰው በላይ መቀመጡ ያን ጊዜ ጠቀመ። በ2022 በጤና ምክንያት ሥራቸውን ሲለቁ 37 ዓመት አገልግለው ነበር።

እና አባቴ፣ ልጅዎ ሌሊት የሚመዝነው ሣጥን ተራ ሣጥን አይምሰልዎ። አበባ ከሆነ ፀሐይ ላይ ጥቂት ከቆየ ይጠወልጋል። ወረቀቱ ላይ አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች ጉምሩክ ያስቀረዋል። ይህን የተማረ ልጅ የንግድን ሥር ተምሯል። ዕብራይስጥና እንግሊዝኛ ላይ እናቱ ጓዳ የለመዳት አማርኛ ስትጨመርበት፣ ከእሱ የተሻለ ሰው ከየት ያገኛሉ? እኛ «ምን ያደርግለታል» ያልናት አማርኛ እንጀራ ሆነች ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል፤ አልዋሽም። ግን አንድ ነገር ላውጋችሁ። እኔ ከአባቴ ከቄሱ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ግዕዝና ጸሎት ስማር ነው ያደግሁት። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልግባ ባልኩ ጊዜ አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ አላናገሩኝም። ልጄ ጠፋ ብለው ፈርተው ነበር። በአራተኛው ቀን ጠሩኝና «ሂድ፤ ሰንበትህን ግን አትሻር» አሉኝ። መንገዱን አልዘጉብኝም። ስንቅ የሚሆን ቃል ሰጡኝ። ቢከለክሉኝ ኖሮ ተደብቄ እሄድ ነበር፤ ያን ጊዜ ነበር በእውነት የምጠፋው።

ኢየሩሳሌምን ብለን የመጣነው ልጆቻችን እንዳይንቀሳቀሱ አይደለም፤ የሚመለሱበት ቤት እንዲኖራቸው ነው። አምባሳደር በላይነሽ ዘባዲያ በ2012 የእስራኤል ተወካይ ሆነው አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከእኛው መሀል የወጡ ልጅ ነበሩ። ያን ቀን ተመልሰው ሄዱ ብሎ ያዘነ አላየሁም።

ስለዚህ ልጃችሁ ውጭ አገር ልሥራ ሲላችሁ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁት። ውሉ በጽሑፍ ነው ወይ? ለስንት ዓመት ነው? ጡረታው ይቀጥላል? ቢቱዋሕ ሌኡሚና የጤና ዋስትናው ምን ይሆናል? በዓልን የት ያከብራል? ይህን ጠይቆ አጣርቶ የሚሄድ ልጅ አይጠፋም።

እኚያን አባት ማክሰኞ ዕለት ገበያ አገኘኋቸው። ገና አልወሰኑም። ግን ማታ ልጁን ቁጭ አድርገው «ሥራህ ምንድነው? እስቲ አስረዳኝ» እንዳሉት ነገሩኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ሲጠይቁት የመጀመሪያቸው ነው። ልጁም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አወራላቸው አሉ።

እናንተም ዛሬ ማታ ልጃችሁን ጠይቁት። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።