አጭር የሩጫ ዘመን

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ፣ አሰላ ሳይደርስ ኢተያን ያገኛል። ገዛኸኝ አበራ የተወለደው በዚያች ከተማ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። የአርሲ ደጋ ሯጭ ማፍራቱ ከበቆጂ እስከ ጎበሳ ላለ ሰው እንግዳ ወሬ ስላይደለ በዚያ ላይ አንዘገይም። ልናወሳ የወደድነው የዚህን ሰው የሙያ ዘመን ማጠር ነው።

በኅዳር 1992 ዓ.ም. በጃፓን አገር፣ በፉኩኦካ ማራቶን፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ። በሚያዝያ ወር በቦስተን ከአሸናፊው ከኬንያዊው ኤላይጃ ላጋት ጋር እኩል ሰዓት ተመዝግቦለት ሁለተኛ ወጣ። መስከረም 21 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በግሸን ማርያም ክብረ በዓል ዕለት፣ በሲድኒ የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ አገኘ። ከማሞ ወልዴ የሜክሲኮ ድል ወዲህ 32 ዓመት ያህል አልፎ ነበር፤ የገዛኸኝም ዕድሜ ገና 22 ነበር። ሐምሌ 27 ቀን ደግሞ በካናዳ፣ በኤድመንተን ከተማ፣ ሳይመን ቢዎትን በ1 ሴኮንድ ብቻ ቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በማራቶን ሁለቱንም ማዕርግ ያገኘ የመጀመሪያው ወንድ እርሱ ነው። ፈረንጆች ይህን በሁለት ዓመት ይቆጥሩታል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ሁሉም የሆነው በ1993 ዓ.ም. ውስጥ ነው።

በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. ፉኩኦካን ደገመ፣ ሠለሰ። ሚያዝያ 5 ቀን 1995 ዓ.ም. በለንደን ጣሊያናዊውን ስቴፋኖ ባልዲኒን ቀድሞ ገባ፤ ለሁለቱም የተጻፈው ሰዓት አንድ ነበር። ያን ጊዜ 25 ዓመት ሊሞላው 10 ቀን ቀርቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ ታላቅ ድል አልመጣም። በዚያው ዓመት ነሐሴ በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ጉዳት ስላገኘው ውድድሩን አልፈጸመም፤ በ1996 ዓ.ም. ከአቴንስ ኦሊምፒክ ያስቀረውም ጉዳት ነው። ከመጀመሪያው የፉኩኦካ ድል እስከ ለንደኑ የተቆጠረው ሦስት ዓመት ከአራት ወር ያህል ብቻ ነው።

«ቶሎ ጠፋ» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ይህ ንግግር ፍርደ ገምድል ይመስለናል። በሴኮንድ የሚለይ ድል ሁሉ ከሰውነት የሚከፈል ዋጋ አለው፤ በሬው የታመመበት ገበሬ ሌላ በሬ ይዋሳል፣ ሯጭ ግን እግር የሚዋስበት ጎረቤት የለውም። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ35 ዓመቱ፣ በመስከረም 2001 ዓ.ም.፣ በበርሊን የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ወደ ልምምድ ሜዳ ለመላክ የሚያስብ አባት ወይም እናት ግን የኃይሌን ዕድሜ ብቻ አይቶ ባይቆርጥ መልካም ነው፤ የኢተያው ልጅም የዚያው ደጋ ልጅ ነውና። የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ሰው በ25 ዓመቱ ጉዳት ካስቆመው፣ ወርቅ ያላገኘውማ ምን ይዞ ይመለሳል?

ገዛኸኝ በቀረበት በአቴንስ ኦሊምፒክ ባለቤቱ ወይዘሮ እልፍነሽ ዓለሙ በሴቶቹ ማራቶን ተሰልፋ አራተኛ ወጥታለች።