«ፍሬን እምቢ አለኝ» ሲባል የሚሰማው ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው የሚቀርብለት ውዳሴ ከሰፈር ሰፈር አይለያይም። «ጋሼ፣ ሞተሯ አልተከፈተም፣ ቀለሟ የፋብሪካ ነው፣ ነዳጅ አትበላም» ይላል ደላላው። ገዥውም የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ይመጣል። ሞተር ይነሳል፣ ጭስ ይታያል፣ ጎማ ይነካካል፣ የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ከዚያ የዋጋ ክርክሩ ይጀመራል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ጥያቄ ከማንም አፍ አይወጣም። ይህችን መኪና የሠራው ፋብሪካ «ጉድለት ተገኝቶባታልና አምጧት፣ በነፃ ላርማት» ብሎ ጠርቷት ያውቃል ወይ?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ ኦገስት 28 ቀን 2009 በአሜሪካ ሳንዲያጎ ከተማ አቅራቢያ የአንድ ሌክሰስ ኢ.ኤስ 350 ነዳጅ መስጫ ተይዞ በመቅረቱ መኪናውን ማቆም ሳይቻል ቀርቶ አራት ሰዎች ሞቱ። መሪውን የያዘው የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ፖሊስ ባልደረባ ነበር። ስለዚህ «መንዳት አያውቅም» የሚለው የተለመደ መልስ አልሠራም። ምርመራው ያመለከተው ለሌላ ሞዴል የተሠራ የወለል ምንጣፍ ነዳጅ መስጫውን ይዞ እንዳስቀረው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለንግዱ ዓለም ትምህርት ነው። የሌክሰስ ባለቤት የሆነው ቶዮታ በዚያው ዓመት በምንጣፉ ምክንያት 3.8 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን የሚመለከት የእርማት ጥሪ አወጣ። በጃንዩዋሪ 2010 ደግሞ ነዳጅ መስጫቸው ተረግጦ በቶሎ ላይመለስ ይችላል የተባሉ 2.3 ሚሊዮን መኪኖችን ጠራ፤ ስምንት ሞዴሎችንም ለጊዜው ከሽያጭ አገደ። በፌብሩዋሪ ተራው የፍሬን ሆነ። የፕሪየስ ባለቤቶች ኮረኮንችና አንሸራታች መንገድ ላይ ፍሬኑ ለቅጽበት ያመልጠናል ብለው ሲያማርሩ ሰንብተው ስለነበር፣ 437 ሺህ ያህል ሃይብሪድ መኪኖች የፍሬን መቆጣጠሪያ ፕሮግራማቸው እንዲታረም ተጠሩ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ በዚያው ወር አሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፤ ዕድገቱ ከድርጅቱና ከሠራተኞቹ አቅም መቅደሙንም አመኑ። በ2014 ኩባንያው ስለ ጉድለቶቹ ሸማቾችን አሳስቷል በሚል በቀረበበት የወንጀል ክስ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ለሚዛናዊነት ሲባል የሌላውንም ወገን ማንሳት ይገባል። የመኪና ባለቤት ቅሬታ ሁሉ እውነት አይደለም። በ1986 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም አውዲ 5000 የተባለው መኪና በራሱ ፈቃድ ይፈተለካል የሚሉ ባለቤቶችን አቀረበ። በ1985 ወደ 74 ሺህ ይጠጋ የነበረው የአውዲ የአሜሪካ ሽያጭ በ1991 ወደ 12 ሺህ ወረደ። የመንግሥት መርማሪዎች ግን በ1989 ባወጡት ሪፖርት የብዙው አደጋ ምክንያት ሹፌሮች ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ መስጫውን መርገጣቸው ነው አሉ። በቶዮታም ጉዳይ የጠፈር ምርምር ድርጅቱ ናሳ ተጠርቶ መርምሮ፣ በ2011 በወጣው ውጤት መኪኖቹን በራሳቸው የሚያስፈተልክ የኤሌክትሮኒክስ ጉድለት አላገኘም።

እንግዲህ ቁም ነገሩ ባለቤቱ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ቁም ነገሩ ቅሬታው የሚመዘገብበት ደብተርና የሚያጣራው ሰው መኖሩ ነው። እውነት ከሆነ ፋብሪካው ይከፍላል፤ ሐሰት ከሆነ ፋብሪካው ነፃ ይወጣል። ሁለቱም ለገበያው ይጠቅማሉ።

ወደ እኛ ስንመለስ ነገሩ ይለያል። በጃንዩዋሪ 2010 ቶዮታ ለአውሮፓ ገበያ ያወጣው ተመሳሳይ ጥሪ እስከ 1.8 ሚሊዮን መኪኖችን የሚመለከት ሲሆን፣ ከሞዴሎቹ መካከል ያሪስ፣ ኮሮላና ራቭ 4 ይገኙበታል። እነዚህ ስሞች ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ አይደሉም። አውሮፓ ውስጥ ያለ ባለቤት ደብዳቤ ቤቱ ድረስ ይላክለታል። መኪናው ሳይታረም ተሸጦ፣ በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ የደረሰ እንደሆነ ግን ደብዳቤው ከቀድሞው ባለቤት አድራሻ አያልፍም። አዲሱ ባለቤት የሚደርሰው መኪናው ብቻ ነው።

ነዳጅ መስጫው የያዘበት የአዲስ አበባ ሰው የሚሄደው ጋራዥ ነው። መካኒኩ ይፈታዋል፣ ያጥበዋል፣ ዘይት ይቀባዋል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። በሌላው ሰፈር ያለው መካኒክም በሌላ ያሪስ ላይ ይህንኑ ያደርጋል። አርባ መካኒኮች አርባ ጊዜ አንዱን ጉድለት ሲጠግኑ፣ ጉድለቱ አንድ መሆኑን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። አሜሪካ ውስጥ አርባው ቅሬታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይከማችና ምርመራ ያስነሳል። እኛ ዘንድ በአርባ ጋራዥ ተበትኖ ይቀራል። አደጋ የደረሰ ዕለት ደግሞ «ፍሬን በጠሰ» ይባልና ነገሩ እዚያው ይዘጋል፤ ፍሬኑ ለምን እንደበጠሰ የሚጠይቅ የለም።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ያገለገለ መኪናን ገበያ ምሳሌ አድርገው ያሳዩት ይህንኑ ነበር። ሻጩ የሚያውቀውን ገዥው ካላወቀ፣ ገዥው ደኅናውንም ብልሹውንም በአንድ ዋጋ ይገምታል፤ ደኅናውን የያዘ ሰው ይከስራል፣ ከገበያውም ይወጣል። ሰውዬው በ2001 ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። የእኛ ገበያ ግን ከዚህም የባሰ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሻጩ ራሱ አያውቅም። ለቀለምና ለኪሎ ሜትር ዋጋ ይወጣል፤ ለፍሬን ታሪክ ግን ዋጋ አይወጣም።

«ይህ የአሮጌ መኪና ጣጣ ነው፣ አሁን ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚል ይኖራል። መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም ካስታወቀ ወዲህ ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በከተማው በዝተዋል። የፍጥነትና የፍሬን ጉዳይ ግን አብሮ መጥቷል። በኤሌክትሪክ መኪና እግር ከነዳጅ መስጫው ቦታ ካለው ፔዳል ላይ ሲነሳ ሞተሩ ራሱ ኃይል ወደ ባትሪው እየመለሰ መኪናውን ይይዘዋል። በማርሽ ለኖረ ሹፌር ይህ አዲስ ጠባይ ነው። በሜይ 2023 የቻይና ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ1.1 ሚሊዮን በላይ የቴስላ መኪኖች እንዲታረሙ ያስደረገው በዚሁ ምክንያት ነበር። ሹፌሩ የዚህን አያያዝ መጠን መምረጥ አለመቻሉና ፔዳሉን ለረጅም ጊዜ አጥብቆ ሲረግጥ በቂ ማስጠንቀቂያ አለማግኘቱ፣ በስህተት የመርገጥን ዕድል ይጨምራል ተባለ። እርማቱም ጋራዥ ሳያስፈልግ በኢንተርኔት ተላከ።

እዚህ ላይ ነው የአዲስ አበባው ገዥ ልብ ማለት ያለበት። በአምራቹ ወኪል በኩል ያልገባ፣ ስክሪኑ ቻይንኛ የሚጽፍ መኪና እርማት ሲላክለት ይቀበላል ወይ? ካልተቀበለስ ማን ይጫንለታል? ይህን ሳይጠይቁ ሚሊዮኖች ብር መክፈል ምንጣፉ ፔዳሉን ይያዝ አይያዝ ሳያዩ እንደ መንዳት ይቆጠራል።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ከደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት ይሰጠዋል፤ አስመጪውንም፣ አከፋፋዩንም፣ ቸርቻሪውንም ተጠያቂ ያደርጋል። የጎደለው መብቱን ከመኪናው ጋር የሚያገናኝ አሠራር ነው። ይህም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥር ብዙ አምራቾች በኢንተርኔት ባዘጋጁት ገጽ ላይ ሲገባ፣ ያልተፈጸመ የእርማት ጥሪ ካለ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። አስመጪው ይህን ማረጋገጫ ከጉምሩክ ሰነዱ ጋር ቢያያይዝ፣ በየዓመቱ ለቦሎ በሚደረገው ምርመራ ላይም ባለቤቱ የገጠመውን የፍሬንና የፍጥነት ችግር የሚሞላበት አንድ ቅጽ ቢጨመርና በየሞዴሉ ተደምሮ ቢወጣ፣ አርባው ቅሬታ አንድ ቦታ ይገናኛል። የአገር ውስጥ ወኪሎችም እነርሱ ያልሸጡትን መኪና በማን ወጪ እንደሚያርሙ በደንብ ሊወሰን ይገባል።

ይህ ዋጋ ያስወድዳል የሚሉ አስመጪዎች አይጠፉም። በመጠኑ ሊያስወድድ ይችላል። ነገር ግን አሁንም ወጪው አልቀረም፤ የሚከፍለው ሰው ብቻ ነው የተለየው። ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ መኪና የገዛው ቤተሰብ ነው የሚከፍለው፤ አንዳንዴም የሚከፍለው በብር አይደለም።

መንግሥት እስኪነሳ ድረስ ግን ገዥው መጀመር ይችላል። ደላላው ስለ ቀለሟና ስለ ነዳጇ ሲጨርስ፣ ገዥው የሻንሲ ቁጥሯን ጽፎ «ቀብዱ ይቆይ፣ ነገ እመለሳለሁ» ይበል። እንዲህ የሚል ገዥ ሲበዛ ሻጩም አስቀድሞ ማጣራት ይጀምራል።